«ሆድ ይፍጀው» የተባለ ክብደት

ሴትዮዋ ወደ ክሊኒኩ ስትመጣ ዕድሜዋ 28፣ ክብደቷ 185 ኪሎ ነበር። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲየጎ ከተማ ነው፤ ጊዜው 1985 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሥራ አላት፣ የምትኖረው ብቻዋን ነው። የመጣችበት ጉዳይ አንድ ነው፤ መክሳት ትፈልጋለች።

ከሳች። በ51 ሳምንት 60 ኪሎ ገባች። ለጥቂት ሳምንታት እዚያው ላይ ረጋች። ከዚያ በሦስት ሳምንት ውስጥ 17 ኪሎ ጨምራ መጣች።

ቁጥሩን ዝም ብለን እንዳናልፈው ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። 17ቱም ኪሎ ስብ ቢሆን፣ ሰውነቷ ከሚያቃጥለው ሌላ በየቀኑ ከ6,000 ካሎሪ በላይ ትርፍ መብላት ይጠበቅባታል። ከረጅም ጾም የወጣ ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ የተወሰነው ኪሎ ውኃ ነው እንበል። እንደዚያም ሆኖ አልፎ አልፎ ኬክ በመቅመስ የሚመጣ ኪሎ አይደለም። የሚከታተሏት ሐኪም ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲም በዚህ ፍጥነት መወፈር ይቻላል ብለው አስበው እንደማያውቁ በኋላ ጽፈዋል።

ፌሊቲ ካይዘር ፐርማነንቴ በሚባለው ትልቅ የጤና ተቋም ውስጥ፣ የሳን ዲየጎውን የመከላከል ሕክምና ክፍል በ1975 የመሠረቱ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። የክብደት መቀነሻ መርሐ ግብራቸውን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ ጾም ነው። ታካሚው ምግብ ይተዋል። በምትኩ በቀን 420 ካሎሪ ብቻ ያለው፣ ፕሮቲን፣ ቫይታሚንና ማዕድን የተመጠነበት ኦፕቲፋስት የሚባል ዱቄት እየበጠበጠ ይጠጣል። በሐኪም ክትትል ነው የሚደረገው። ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ዓመት እስከ 136 ኪሎ የማውረድ አቅም ነበረው። የመርሐ ግብሩ ሥጋዊ ክፍል ሠርቷል ማለት ነው። ሐኪሞቹን ግራ ያጋባቸው የሚያቋርጠው ሰው ብዛት ነበር፤ ከገባው ግማሽ ያህሉ ይወጣል። የሚወጡትም ኪሎ አልወርድ ያላቸው አልነበሩም። ጥሩ እየሄደላቸው ያሉት፣ አንዳንዶቹም ሊጨርሱ የተቃረቡት ናቸው ጥለው የሚሄዱት።

የእኛዋ ታካሚ ግን አልሄደችም። ቁጭ አለችና ተጠየቀች። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት፣ ተኝቼ እያለሁ የምበላ ይመስለኛል አለች። ማታ ወጥ ቤቱን አጽድታ ትተኛለች፤ ጠዋት ስትነሳ ድስቱና ሳህኑ ቆሽሾ፣ የተከፈተ ምግብ ተዝረክርኮ ታገኘዋለች። ቤቱ ውስጥ ከሷ በቀር ሰው የለም። በልጅነቷም በእንቅልፍ ልቧ የመሄድ ልማድ ነበራት።

እዚህ ላይ ሌላ ሐኪም ቢሆን «እንቅልፍ ላይ መብላት» ብሎ መዝግቦ መድኃኒት አዝዞ በሸኛት ነበር። ፌሊቲ የጠየቁት ግን ተራ የሚመስል ጥያቄ ነው፦ ለምን አሁን? ለምን ከሁለት ዓመት በፊት አልሆነም? ለምንስ ከዓመት በኋላ አልሆነም? አላውቅም አለች። ደግመው ጠየቋት። በመጨረሻ፣ የሥራ ባልደረባዋ የሆነ በዕድሜ የሚበልጣት ባለትዳር ሰው እንዴት አምሮብሻል ብሎ አሞግሷት አብረን እንውጣ እንዳላት ተናገረች። መብላቱ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገሩ ደስ የማይል ቢሆንም ይህን ያህል ሰው የሚያፈርስ አይመስልም። ስለዚህ ሐኪሙ ወደ ኋላ ሄዱ። ልጅ ሳለች አያቷ ለዓመታት ጾታዊ ጥቃት ያደርስባት እንደነበር ወጣ። አሁን የሰውዬው ሙገሳ የት እንደነካት ይገባናል። ወንድ ዐይን ያረፈባት ጊዜ፣ ያች የቀድሞዋ ልጅ ከእንቅልፏ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች።

ብዙም ሳይቆይ የወረደው ኪሎ በሙሉ፣ ከወረደበት በፈጠነ ጊዜ ተመለሰ። እሷም ከክሊኒኩ ጠፋች።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሚመች ቋንቋ መሆኑ ይገርመኛል። የእኛ ሆድ የእንጀራ ብቻ ማደሪያ አይደለም። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል። ወዳጅ ለወዳጁ «የሆዴን ላውጋህ» ይላል፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። የማይነገር ነገር ሲገጥመን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንዘጋዋለን። የሳን ዲየጎዋ ሴት ሃያ ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛ የኖረችው ነገር ነበር፤ እየፈጀ የመጣው ምን ላይ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም እንጂ።

አንዲት ሴት አንዲት ሴት ናት። ፌሊቲ ራሳቸው መጀመሪያ ላይ በ23 ዓመት የሐኪምነት ሥራቸው የገጠማቸው ሁለተኛው እንዲህ ያለ ታሪክ ብቻ እንደሆነ ነበር ያሰቡት። ከዚያ ግን መርሐ ግብሩ ውስጥ ያለፉትን እየጠሩ መጠየቅ ጀመሩ። 286 ሰዎች ተጠየቁ። የጠየቋቸውም ሕይወታቸውን በዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፦ ስትወለድ ስንት ኪሎ ነበርክ? ትምህርት ቤት ስትገባስ? ስታገቢስ? በዚህ መሐል ሁለት ነገር ታየ።

አንደኛ፣ ሰዎቹ ቀስ በቀስ አልወፈሩም። ብዙዎቹ ለዓመታት በአንድ ክብደት ኖረው፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ድንገት ይዘላሉ፤ እዚያ ላይ ይረጋሉ። ክብደታቸው በመሥመር ሲሣል ዳገት ሳይሆን ደረጃ ይመስላል። ደረጃው ያለበት ዓመት ላይ ምን ነበር ሲባል ፍቺ፣ ሞት፣ መደፈር ይወጣል። ክብደትን በካሎሪ ብቻ ለሚያስብ ሰው ይህች ትንሽ ነገር ልትመስል ትችላለች፤ እኔ ግን ከጥናቱ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ሰው ሚዛኑ ላይ ስንት ኪሎ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሆነ መጠየቅ።

ሁለተኛው በአፍ መሳሳት ነው የተገኘው። አንዷን ታካሚ «የግብረ ሥጋ ግንኙነት ስትጀምሪ ዕድሜሽ ስንት ነበር?» ሊሏት ፈልገው፣ ምላሳቸው አደናቅፏቸው «ስንት ኪሎ ነበርሽ?» አሏት። አሥራ ስምንት ኪሎ ገደማ የሆነ ቁጥር መለሰች። የአራት ዓመት ልጅ ክብደት ነው። አባቷ ነበር።

ከተጠየቁት ግማሽ ያህሉ በልጅነታቸው ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ፌሊቲ በቁጥሩ ደንግጠው፣ ራሴ ጥያቄውን ወደዚያ እየመራሁት ይሆን ብለው ለሌሎች ባልደረቦች ሰጥተው አስጠየቁ። መልሱ ያው ሆነ።

ከታካሚዎቹ አፍ የወጡት ማብራሪያዎች ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ ይበልጣሉ። አንዷ በ23 ዓመቷ ተደፍራ በተከታዩ ዓመት 48 ኪሎ ጨምራለች። ስለ ራሷ ስትናገር፣ ወፍራም ሰው ዐይን አይገባም፣ እኔም የምፈልገው ዐይን አለመግባት ነው የሚል ትርጉም ያለው ነገር አጉተመተመች፤ በእንግሊዝኛው የቃል ጨዋታ አለበት፣ በእኛ ቋንቋ ግማሹ ይቀራል። ሁለት የእስር ቤት ጠባቂዎችም ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ከ45 ኪሎ በላይ ከቀነሱ በኋላ፣ ሰውነታቸው ሞልቶ ካልታየ በቀር እስረኞቹ መሐል መግባት እንደሚያስፈራቸው ነው ያስረዱት። ለሴቲቱ ውፍረት መደበቂያ ነው፣ ለጠባቂዎቹ ጋሻ። በሁለቱም መንገድ ሐኪሙ በሽታ ብሎ የሚያወርደው ኪሎ ለባለቤቱ መድኃኒቱ ነበር። የሚያቋርጡት ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። ጋሻው ሲሳሳ ነው የሚሸሹት።

ፌሊቲ ይህን ይዘው በ1990 አትላንታ ላይ በተደረገ የውፍረት አጥኚዎች ጉባኤ ቀረቡ። አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ፣ እነዚህ ታካሚዎች የሚሉት ሁሉ የከሸፈ ሕይወታቸውን ለመሸፈን የፈጠሩት ነው አለ። ፌሊቲን ያዳናቸው በራት ሰዓት አጠገባቸው የተቀመጠው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት) ባለሙያ ዴቪድ ዊሊያምሰን ነው። የምትለው እውነት ከሆነ ለአገር የሚተርፍ ጉዳይ ነው፤ ግን በ286 ሰው፣ ያውም ከአንድ የክብደት ክሊኒክ በተገኘ፣ ማንም አያምንህም፤ በሺዎች ከጠቅላላው ሕዝብ ጠይቅ አላቸው። እውነተኛ ምክር ነበር። በዚያው ማዕከል ከሚሠሩት ዶክተር ሮበርት አንዳ ጋርም በዚህ በኩል ተገናኙ።

እስከዚያው በ1993 አነስ ያለ የንጽጽር ጥናት ወጣ፤ መቶ ወፍራም ታካሚዎች ዕድሜ ልካቸውን ቀጭን ከነበሩ መቶ ሰዎች ጋር። በልጅነት ጾታዊ ጥቃት የደረሰበት ከወፍራሞቹ 25፣ ከቀጭኖቹ 6 ሆነ። ሥር የሰደደ ድባቴ 57 ለ22። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ቀድሞ በቃለ መጠይቅ ግማሽ ያህል የተባለው በንጽጽሩ ሩብ ሆኗል። የታሪኩ አድናቂዎች ብዙ ጊዜ ግማሹን ይጠቅሳሉ፣ ሩቡን ይዘላሉ። ሩቡም ቢሆን ከስድስት አራት እጥፍ ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም ነበር።

ከ1995 እስከ 1997 ትልቁ ጥናት ተካሄደ። ለመደበኛ የጤና ምርመራ ወደዚያው ካይዘር የመጡ ከ17,000 በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ተጠየቁ። በግንቦት 1998 የታተመው የመጀመሪያው ጽሑፍ የ9,508ቱን መልስ ይዟል። የተጠየቁት ሰባት ዓይነት መከራዎች ናቸው፦ የስድብና የማዋረድ በደል፣ ድብደባ፣ ጾታዊ ጥቃት፣ እናት ስትደበደብ ማየት፣ ቤት ውስጥ ጠጪ ወይም ሱሰኛ መኖር፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ወይም ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው መኖር፣ የታሰረ ሰው መኖር። ተጠያቂዎቹ የተማሩ፣ ሥራና ኢንሹራንስ ያላቸው፣ አማካይ ዕድሜያቸው ወደ 56 የሚጠጋ፣ አብዛኞቹ ነጭ አሜሪካውያን ነበሩ። ይህ የድሀ ሰፈር ችግር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ከነዚህ ሰዎች ከግማሽ በላዩ ቢያንስ አንዱ መከራ ደርሶበታል።

አራትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው፣ ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ራስን የማጥፋት ሙከራ 12 እጥፍ ገደማ፣ ድባቴ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ውፍረትስ? ሁሉን ነገር ያስጀመረው ውፍረት? ቢኤምአይ ከሚባለው የክብደትና የቁመት ስሌት 35 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከባድ ውፍረት 1.6 እጥፍ ብቻ ነው የጨመረው።

ይህች 1.6 በጽሑፎች ላይ ብዙ አትነሣም፤ ለእኔ ግን ለጉዳዩ ቁልፍ ናት። የልጅነት በደል አእምሮን የሚጎዳው ሰፊ በሆነ በር ነው፤ በክብደት በኩል የሚወጣው ግን ከብዙ መውጫዎች አንዱ ነው። አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ ያጨሳል፣ አንዱ ሥራ ውስጥ ይደበቃል፣ አንዱ ይበላል። ስለዚህ ከባድ ሰው ባየን ቁጥር «ልጅ ሆኖ ምን ሆኗል?» ብለን የምንጠረጥር ከሆነ የሳን ዲየጎውን ጉዳይ ገልብጠን አንብበነዋል። አብዛኛው ወፍራም ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። ሰውነቱን የወረሰው ከእናት ካባቱ ነው፤ ወይም ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያስውል ሥራ አለው፤ ወይም መድኃኒት ይወስዳል። የመጨረሻውን እኛ አገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ለስነ ልቡና ቀውስ የሚሰጠው ኦላንዛፒን፣ ለድባቴና ለራስ ምታት በየጤና ጣቢያው የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ክብደት ይጨምራሉ። ታካሚው «ስንፍናዬ ነው» እያለ ራሱን ሲወቅስ ይከርማል፤ አንዳንዱም ለማንም ሳይናገር ኪኒኑን ይተወዋል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የተጠየቁት አዋቂዎች ናቸው፤ የሚናገሩት ከዓመታት በፊት ስለሆነ ነገር ነው። በ2019 የታተመ የ16 ጥናቶች ድምር ትንተና፣ በልጅነታቸው ጊዜ በደል የተመዘገበባቸውና አድገው በደል ደርሶብናል የሚሉት በአብዛኛው የተለያዩ ሰዎች እንደሆኑ አሳይቷል። ይህ አትላንታ ላይ የተነሣውን ሰውዬ ትክክል አያደርገውም፤ የደረሰበትን የማይናገር ሰውም ብዙ ነው ማለት ነውና። ግን ቁጥሮቹን እንደ ብረት ሚዛን መያዝ እንደማይቻል ያስታውሳል።

ስለ ውፍረትና ስለ ድባቴ ግንኙነት ከሁሉ የማምነው በ2010 የታተመ አንድ የድምር ትንተና ነው። 15 ጥናቶችን፣ ወደ 58,000 የሚሆኑ ሰዎችን ይዟል፤ ሁሉም ሰዎችን ወደ ፊት በጊዜ የተከታተሉ ናቸው። መነሻው ላይ ከመጠን በላይ ወፍራም የነበረ ሰው በኋላ ድባቴ የመያዝ ዕድሉ በ55 በመቶ ይጨምራል። መነሻው ላይ ድባቴ የነበረበት በኋላ የመወፈር ዕድሉ በ58 በመቶ ይጨምራል። መንገዱ መሄጃም መመለሻም አለው፤ በሁለቱም በኩል ያለው ትራፊክ እኩል ነው ማለት ይቻላል። የተሰበረ እንቅልፍ፣ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲዞል፣ የሰው ዐይንና ምላስ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከቤት አለመውጣት፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ላይ ይመላለሳሉ።

እኛ ዘንድ አንደኛው አቅጣጫ ብቻ ነው ስም ያለው። «ሐሳብ አከሳት» እንላለን፤ «ሐሳብ አወፈራት» የሚል ሰው አልሰማሁም። «ከሳሽ ጠቆርሽ፣ ምን ሆንሽ?» ተብላ የምትጠየቀው ቀጭኗ ናት። ወፍራሟ «ተመችቶሻል» ተብላ ታልፋለች፤ በተለይ ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣች ከሆነ፣ ውፍረቷ ያልፍልሽ የተባለው ምርቃት መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል። ቋንቋው የረሀብ ትውስታ ያለው ሕዝብ ቋንቋ ነው፤ በ2016ቱ የሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንኳ በኢትዮጵያ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከመጠን በታች የከሱ፣ 8 በመቶዎቹ ብቻ ከመጠን በላይ የወፈሩ ነበሩ። ስለዚህ አነጋገሩ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ሌሊት ተነሥታ ፍሪጅ ሥር ቁጭ ብላ የምታለቅስ ሴት «ተመችቶሻል» ስትባል ምን ብላ ትመልስ? ፈገግ ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የምትለው። ውጭ ያደጉት ልጆች ደግሞ በሌላ ጠርዝ ናቸው፤ እትዬ እገሊት በፍቅር «ወፍረሻል» ስትላቸው እንደ ስድብ ሰምተው ሦስት ቀን ምግብ የሚተዉ አሉ። አንድ ቃል፣ ሁለት አገር።

ፌሊቲ ከዚህ ሁሉ በኋላ በክፍላቸው የለወጡት ነገር ትንሽ ነው። ታካሚው ቤቱ ሆኖ በሚሞላው ረጅም ቅጽ ላይ የልጅነት መከራ ጥያቄዎችን ጨመሩ። ሐኪሙ ፊት ለፊት ሲገናኝ «እንዲህ እንደሆንክ ጽፈሃል፤ ኋላ በሕይወትህ ላይ ምን አደረገ? ንገረኝ» ይላል፤ ከዚያ ያዳምጣል። ሐኪሞቹ የጥያቄ ጎርፍ ይመጣብናል፣ ታካሚ ይቆጣል፣ ሰው ያለቅስብናል ብለው ፈርተው ነበር። ያ አልደረሰም። ለቀጠሮ አምስት ደቂቃ በሚሰጥ የእኛ አገር ጤና ጣቢያ ይህ ይሠራል ወይ ቢባል፣ ቅጹ ይሠራ ይሆናል፤ ማዳመጡ ነው የሚከብደው። ጠይቆ ጀርባ መስጠት ደግሞ ካለመጠየቅ ይብሳል።

የሳን ዲየጎዋ ሴት ከዓመታት በኋላ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ የጨጓራ ማጥበቢያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር። ቀዶ ሕክምናው መጥፎ ነገር አይደለም፤ በ2007 ከአሜሪካዋ ዩታ ግዛት የወጣው ትልቅ ጥናት ጨጓራቸው የተቀነሰላቸው ሰዎች በአጠቃላይ የመሞት ዕድላቸው በ40 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ በስኳርና በልብ የሚሞተው አነሰ። በዚያው ጥናት ውስጥ ግን በአደጋ፣ ራስን በማጥፋትና በመሳሰሉት የሚመጣው ሞት በ58 በመቶ ጨምሯል። ዛሬ በብዙ አገር ከቀዶው በፊት የአእምሮ ጤና ምርመራ የሚደረገው ለዚህም ጭምር ነው።

እሷ ከቀዶው በኋላ 43 ኪሎ ቀነሰች። ሚዛኑ እየወረደ ሳለ ራሷን የማጥፋት ሐሳብ አልለቅ አላት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ተኛች፣ በኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሕክምናም ተደረገላት። ግድግዳዬ እየፈረሰ ነው የሚል ነገር ነበር ለሐኪሟ የምትለው።